መጽሐፉ ሳይታተም ስሙን ያስመዘገበ አንባቢ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለብዙ ጉዳይ ይጠቀሳል። ቤት ለመሥራት፥ መንገድ ለመጥረግ፥ ያዘነውን ለማጽናናት ሰው በተሰበሰበ ጊዜ ይህ ምሳሌ ከአፍ አይጠፋም። ዛሬ ግን ይህንኑ ቃል ብዙ ጊዜ ወደማይጠቀስበት ሥራ፥ ማለት ወደ መጽሐፍ ሥራ ወስደን እንመለከተዋለን። ደራሲ ድርሰቱን ለብቻው ይጽፋል፤ ማሳተሙ ግን ለብቻ የሚከብድ ሸክም ነው። የወረቀቱ ዋጋ፥ የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ፥ የጥራዙ ወጪ ሁሉ የሚጠየቀው መጽሐፉ አንድ ሳንቲም ከማስገባቱ በፊት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ገና ያልታየውን መጽሐፍ ዋጋ አስቀድሞ የሚከፍል ማን ነው?

በአገራችን በብራና ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ የታወቀ ነበር። መጽሐፍ የሚያጽፈው ንጉሥ፥ ወይም መኰንን፥ ወይም ወይዘሮ፥ ወይም ደብር ነበር። ለብራናው የሚሆነውን ቆዳ፥ ለጸሐፊው ቀለቡንና ዋጋውን የሚሰጥ እርሱ ነው። ስለዚህም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ምሕረት የሚለመነው ለጻፈው ብቻ ሳይሆን ላጻፈውም ጭምር ነው፤ ያጻፈውም ሰው ስም በመጽሐፉ ውስጥ ተመዝግቦ ይኖራል። ይህን ልማድ በልባችን ይዘን ወደ እንግሊዝ አገር ታሪክ ብንሻገር፥ በዚያ አገር የአጻፊው ቍጥር ከአንድ ጌታ ተነሥቶ ወደ ብዙ መቶና ወደ ብዙ ሺሕ አንባቢ እንዴት እንደ ደረሰ ለመረዳት ይቀለናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ለሚኖር ደራሲ የተከፈቱለት በሮች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የባለጸጋ መስፍን በር ነው። ደራሲው መጽሐፉን በመስፍኑ ስም ያበረክታል፤ በመግቢያውም ላይ ውዳሴውን ያበዛል፤ በምላሹ ጥቂት ወርቅ ይሰጠዋል። ወርቁ የሚገኘው ግን አንገትን በመድፋት ነው። ሁለተኛው የመጻሕፍት ነጋዴ በር ነው። ነጋዴው ድርሰቱን ከነመብቱ ጠቅልሎ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ስንት ጊዜ ቢታተም ትርፉ የነጋዴው ነው። ጆን ሚልተን ስለ አዳምና ስለ ሔዋን ከገነት መውጣት የጻፈውን ታላቅ ግጥም በ1667 ዓ.ም. ሲሸጥ በእጁ የገባው 5 ፓውንድ ነበር፤ የመጀመሪያው እትም ተሸጦ ባለቀ ጊዜ ሌላ 5 ፓውንድ ተጨመረለት። ሦስተኛው በር የደራሲው የገዛ ኪሱ ነው፤ ይህ ግን ለድኻ ደራሲ በር ሳይሆን ግድግዳ ነው።

አራተኛው በር ቀስ እያለ የተከፈተው ከእነዚህ ከሦስቱ ችግር የተነሣ ነው። ደራሲው ስለ መጽሐፉ ይዘት፥ ስለ ወረቀቱ ዐይነት፥ ስለ ዋጋውና ስለሚወጣበት ጊዜ የሚያስረዳ አንድ ማስታወቂያ ያሳትማል። ማስታወቂያው በመጻሕፍት መደብርና በቡና ቤት ይበተናል፤ ወዳጆቹም በየደብዳቤያቸው ውስጥ እያደረጉ ለሚያውቁት ሰው ይልኩታል። መጽሐፉን የፈለገ ሰው ስሙን አስመዝግቦ፥ ብዙ ጊዜ የዋጋውን እኩሌታ ከፍሎ፥ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ቀሪውን መጽሐፉ ሲደርሰው ይከፍላል። ለዚህም እምነቱ ክብር ይሆነው ዘንድ ስሙ ከነማዕርጉ በመጽሐፉ ገጾች ላይ ይታተማል።

ይህን አሠራር ለእኛ ለማስረዳት ዕቁብን መጥቀስ ይበቃል። በዕቁብም ሰው ስሙን አስጽፎ፥ ዕጣው ሳይደርሰው ገንዘቡን ያስገባል፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በመተማመን ላይ ነው። ልዩነቱ፥ ዕቁብ ዳኛና ዋስ ሲኖረው፥ የመጽሐፉ ተመዝጋቢ ግን ከደራሲው ቃል በቀር ሌላ ዋስ የሌለው መሆኑ ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ለደራሲው ነጻነትን ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ያንኑ ነጻነት በዕዳ ይሰጠዋል። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» እንዲሉ።

በእንግሊዝ አገር በዚህ መንገድ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው የሚባለው፥ ጆን ሚንሹ የተባለ የቋንቋ ሊቅ በ1617 ዓ.ም. ያወጣው የ11 ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት ነው። የወሰዱለትን ሰዎች ስም ዝርዝር አሳትሞ ከመጽሐፉ ጋራ አውጥቶአል። በ1688 ዓ.ም. ደግሞ ቀደም ብለን የጠቀስነው የሚልተን ግጥም በትልቅ ወረቀት፥ በሥዕል አጊጦ፥ ከ500 በላይ በሆኑ ተመዝጋቢዎች ገንዘብ ታተመ። ሚልተን ግን ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። አንባቢዎቹ ተሰብስበው ያከበሩት፥ ክብሩ ለደራሲው በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

በሕይወት ሳለ የዚህን መንገድ ጥቅም አሟጦ ያገኘው አሌክሳንደር ፖፕ ነው። ፖፕ ገና በልጅነቱ በደረሰበት ሕመም ጀርባው የጐበጠ፥ ቁመቱ ያጠረ ሰው ነበር። በሃይማኖቱ ካቶሊክ ስለ ነበረ በዚያን ጊዜ የነበረው የአገሩ ሕግ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባና የመንግሥት ሥራ እንዳይዝ ይከለክለው ነበር። እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው ከብዕሩ በቀር ምን እንጀራ አለው? በ1713 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ የግሪኩን ባለቅኔ የሆሜርን «ኢልያድ» ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጐም ማሰቡን አስታወቀ። ወዳጁ ጆናታን ስዊፍት በቤተ መንግሥት አዳራሽ ባለሟሎቹን እየያዘ፥ ከእንግሊዝ ባለቅኔዎች ሁሉ የሚበልጠው ፖፕ መሆኑን እየነገረ፥ አንድ ሺሕ ጊኒ እስኪሰበሰብ ድረስ ኅትመቱ አይጀመርም እያለ ያስመዘግብ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ የነበረ አንድ ጳጳስ ጽፎታል። ጊኒ የሚባለው 21 ሺሊንግ የሚያወጣ የወርቅ ገንዘብ ነው።

ሥራው ከ1715 እስከ 1720 ዓ.ም. በስድስት ጥራዝ ወጣ፤ ተመዝጋቢው ለያንዳንዱ ጥራዝ 1 ጊኒ ይከፍላል። ስማቸውን ያስመዘገቡት 575 ሰዎች ሲሆኑ፥ የያዙት 654 ቅጂ ነበር። የመጻሕፍት ነጋዴውም በበኩሉ ለየጥራዙ 200 ጊኒ ለፖፕ እየከፈለ፥ የተመዝጋቢዎቹን ቅጂ ያለ ዋጋ አትሞ ለማስረከብ ተዋውሎ ነበር። ፖፕ ከዚህ ሥራ 5,000 ፓውንድ ያህል አገኘ፤ ከሎንዶን ወጣ ብሎ በቴምዝ ወንዝ ዳር ቤት ያዘ፤ ከዚያም በኋላ ለማንም ልዑልና መስፍን ባለዕዳ አለመሆኑን ሲናገር ኖረ። ይህ ለእንግሊዝ ደራስያን አዲስ ነገር ነበር።

ዳሩ ግን ይኸው ሰው ለአንባቢዎቹ የነበረበትን ዕዳ ሁልጊዜ በንጹሕ አልከፈለም። በ1725 እና በ1726 ዓ.ም. «ኦዲሴ»ን በዚያው መንገድ ሲያወጣ፥ ከ24ቱ ክፍሎች እኩሌታውን የተረጐሙለት ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ዊልያም ብሩም 8ቱን፥ ኢላይጃ ፌንተን 4ቱን። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በታተመው ማስታወሻ ግን ለሁለቱ ረዳቶች የተቈጠረላቸው 5 ክፍል ብቻ ነው። ተመዝጋቢዎቹ ገንዘባቸውን የሰጡት ለፖፕ ስም ነበርና ነገሩ በታወቀ ጊዜ ስሙን አስነቀፈው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ከአገራችን ጋራም የሚገናኝ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ፥ በ1734 ዓ.ም.፥ የአንድ ኢጣሊያዊ ሊቅ የላቲን ግጥሞችን ለማሳተም የተመዝጋቢ ጥሪ አድርጎ ነበር፤ የመጣለት ሰው ጥቂት በመሆኑ አሳቡ ቀረ። በዓመቱ፥ በ1735 ዓ.ም.፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረውን የፖርቱጋላዊውን የአባ ጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ 5 ጊኒ ተከፈለው። የኢትዮጵያ ስም በልቡ የቀረው ከዚህ ሥራ ነው። በ1759 ዓ.ም. እናቱ ሲሞቱበት ለቀብር ወጪና ለትንንሽ ዕዳዎች የሚሆን ገንዘብ አጥቶ፥ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል የሚተርከውን «ራስላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ። ይህንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጕመውታል። ጆንሰን ግን «ራስላስ»ን ያወጣው በአንባቢዎች መዋጮ አልነበረም፤ ለነጋዴዎች በ100 ፓውንድ ሸጠው፤ ሁለተኛው እትም ሲወጣ 25 ፓውንድ ተጨመረለት። ቀብር ቀጠሮ አይሰጥምና ተመዝጋቢ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም።

ይኸው ጆንሰን ስመ ጥሩውን መዝገበ ቃላቱን በ1755 ዓ.ም. ሲያወጣ፥ በሥራው ጊዜ ዘወር ብለው ያላዩት መስፍን በመጨረሻው ሰዓት ሊያመሰግኑት ቢመጡ፥ ደጋፊነታቸውን በደብዳቤ የመለሰ ኵሩ ሰው ነው። በ1756 ዓ.ም. ግን ወደ አንባቢዎች ዞሮ የሼክስፒርን ተውኔቶች አስተካክሎ ለማሳተም ጥሪ አደረገ። ዋጋው 2 ጊኒ ነበር፤ አንዱ በምዝገባ፥ ሌላው በርክክብ የሚከፈል። መጽሐፉ በ1757 ዓ.ም. የልደት በዓል እንደሚደርስ ቃል ገባ። ያ ልደት አለፈ፤ ሌላውም፥ ሌላውም ተከታትሎ አለፈ። በ1762 ዓ.ም. አንድ ገጣሚ ገንዘቡ ተበልቶ መጽሐፉ ወዴት አለ እያለ በአደባባይ ተዘባበተበት። መጽሐፉ የወጣው በ1765 ዓ.ም.፥ ከተቀጠረበት ጊዜ 8 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። አንድ ወጣት የመጻሕፍት ሻጭ የአንድ ተመዝጋቢን ስም ይዞለት ቢመጣና በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ቢጠይቀው፥ ጆንሰን ዝርዝር የማያሳትምበትን ምክንያት ሲያስረዳ፥ ስሞቹ ሁሉ እንደ ጠፉበትና ገንዘቡም ሁሉ እንዳለቀ ነገረው ይባላል። ሥራው በወጣ ጊዜ ታላቅ ሥራ ነበር። ሆኖም «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚባልበት አገር ለምንኖር ለእኛ፥ ያ የስምንት ዓመት መዘግየት ቀላል ሆኖ አይታየንም።

እስካሁን ያየነው ዕዳውን ከደራሲው ወገን ነው። አንባቢውስ ዝም ቢል ምን ይሆናል? ፊሊስ ዊትሊ ከምዕራብ አፍሪካ ተሰርቃ በ1761 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በባርነት የተሸጠች ሕፃን ነበረች። ጌቶችዋ ንባብ አስተማሩዋት፤ በአጭር ጊዜም ግጥም ጻፈች። በ1772 ዓ.ም. የግጥሞችዋን መጽሐፍ ለማሳተም በቦስተን ጋዜጣ የተመዝጋቢ ጥሪ ቢወጣ በቂ ሰው አልተገኘም። ጥቍር ልጅ ይህን ልትጽፍ አትችልም የሚል ጥርጣሬም ነበርና፥ 18 የከተማው ታላላቅ ሰዎች ሥራው የእርስዋ መሆኑን በፊርማቸው መሰከሩላት። መጽሐፉ ባሕር ተሻግሮ በ1773 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ ታተመ። ነጻ ከወጣች በኋላ፥ በ1779 ዓ.ም.፥ 33 ግጥሞችና 13 ደብዳቤዎች ያሉበትን ሁለተኛ መጽሐፍ ለማሳተም እንደገና ጥሪ አደረገች። ዘመኑ የጦርነት ነበር፤ ስማቸውን የሚያስመዘግቡ ሰዎች አልመጡም። በ1784 ዓ.ም. በድኽነት ሞተች፤ ያ የመጽሐፍ ረቂቅም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ክቡራን አድማጮች፥ የአንድ መጽሐፍ ሞት እንዲህ ያለ ነው፤ ልቅሶም ቀብርም የለውም።

የዚህ ተቃራኒ ሆኖ የሚታየው የኦላውዳ ኢኪያኖ ታሪክ ነው። ኢኪያኖ በባርነት ኖሮ በ1766 ዓ.ም. ራሱን በገዛ ገንዘቡ ነጻ ያወጣ አፍሪካዊ ነው። በ1789 ዓ.ም. የሕይወቱን ታሪክ በሁለት ጥራዝ ሲያወጣ ተመዝጋቢዎችን የሰበሰበው ራሱ እየዞረ ነው። ድርሰቱን ለነጋዴ አልሸጠም፤ መብቱን በስሙ አስመዝግቦ በእጁ አስቀረ። ሰውነቱን በገንዘብ ገዝቶ ያስመለሰ ሰው መጽሐፉን ለሌላ ጌታ አሳልፎ አለመስጠቱ የሚገባ ነው። በመጀመሪያው እትም ላይ ከ300 በላይ ስሞች ተዘርዝረዋል፤ ከእነርሱም መካከል የዌልስ ልዑል፥ የባሪያ ንግድን የሚታገሉት ግራንቪል ሻርፕና ቶማስ ክላርክሰን ይገኙበታል። በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድ ጉዳይ በእንግሊዝ ምክር ቤት ይከራከሩበት ነበርና፥ ይህ የስም ዝርዝር የገዢዎች መዝገብ ብቻ ሳይሆን የምስክሮች መዝገብ ነበር። ስሙን ያስጻፈ ሁሉ ይህ ሰው የሚናገረው ይሰማ ሲል ፈርሞአል። ኢኪያኖ ከከተማ ወደ ከተማ፥ ወደ ስኮትላንድና ወደ አየርላንድ እየዞረ መጽሐፉን ሲሸጥ እስከ 1794 ዓ.ም. ዘጠኝ እትም ወጣ። በ1797 ዓ.ም. ሞተ፤ ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1807 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ መንግሥት የባሪያ ንግድን በሕግ ከለከለ።

ወደ ልብ ወለድ ታሪክ ስንመለስ፥ በዚያ ዘመን የዚህ ጥበብ እመቤት የነበረችው ፋኒ በርኒ ናት። በ1778 ዓ.ም. ስምዋን ደብቃ ያሳተመችውን የመጀመሪያ ታሪክዋን የመጻሕፍት ነጋዴው በ20 ጊኒ ገዝቶ ነበር፤ መጽሐፉ ሲወደድና ሲደጋገም ትርፉ ወዴት እንደ ሄደ መገመት አያስቸግርም። ከ1786 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ዓመት በንግሥቲቱ የልብስ ቤት አገለገለች፤ ማዕርጉ ትልቅ ቢሆንም ለመጻፍ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነበር። ከዚያም ሀብቱን በአገሩ አብዮት ያጣ አንድ የፈረንሳይ ስደተኛ ጄኔራል አገባች። ልጅ ተወለደ፤ ገቢው ግን ንግሥቲቱ ከምትሰጣት 100 ፓውንድ የዓመት ጡረታ እምብዛም አይተርፍም ነበር። በዚህ ጊዜ «ካሚላ» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ በተመዝጋቢዎች ገንዘብ ለማሳተም ቈረጠች። ሦስት የተከበሩ ወይዛዝርት መዝገቡን ይዘው ስም ሰበሰቡላት።

በ1796 ዓ.ም. መጽሐፉ በአምስት ጥራዝ፥ በ1 ጊኒ ዋጋ ሲወጣ ከ1,000 በላይ ስሞች ታተሙበት። በርኒ የኅትመት መብቱን ደግሞ ለብቻ በ1,000 ፓውንድ ሸጠች። በዚህ ገንዘብ ባልና ሚስቱ በገጠር ቤት ሠሩ፤ ቤቱም በመጽሐፉ ስም ተጠራ። በዚያ የስም ዝርዝር ውስጥ ከወይዛዝርቱና ከመሳፍንቱ መካከል የአንድ የገጠር ቄስ ልጅ፥ የ20 ዓመት ወጣት ስም ይገኛል፤ ጄን ኦስተን። ገንዘብዋን ከፍላ የሌላዋን ደራሲ ሥራ ያቆመችው ይህች ልጅ፥ ከ15 ዓመት በኋላ፥ በ1811 ዓ.ም.፥ የራስዋን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ታሪክ በራስዋ ኪሣራ አሳተመች። ዛሬ የበርኒን መጻሕፍት የሚያነቡ ጥቂቶች ሲሆኑ፥ የኦስተን ግን በዓለም ሁሉ ይነበባሉ። የዛሬው ተመዝጋቢ የነገው ደራሲ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ መንገድ እየጠበበ ሄደ። አንባቢው በዛ፤ አሳታሚዎች ከበሩ፤ መጽሐፍ የሚያከራዩ ቤቶች ተስፋፉ። ከ1836 ዓ.ም. ጀምሮ ቻርልስ ዲክንስ ልብ ወለዱን በየወሩ ቈርሶ በ1 ሺሊንግ ሲሸጥ፥ አንባቢው ለሙሉ መጽሐፍ አስቀድሞ የሚከፍልበት ምክንያት ቀነሰ። የስም ዝርዝርም ቀስ በቀስ ለደራሲው እንደ ልመና ይታይ ጀመር።

በእኛ ዘመን ግን ይኸው አሮጌ መንገድ በአዲስ መሣሪያ ተመልሶ ተከፍቶአል። በ2009 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተቋቋመው ኪክስታርተር፥ በ2011 ዓ.ም. በሎንዶን የተቋቋመው አንባውንድ፥ ደራሲው አሳቡን ለሕዝብ ገልጦ ገንዘብ የሚያሰባስብባቸው ድርጅቶች ሆኑ። አንባውንድ እንደ ጥንቱ የደጋፊዎችን ስም በመጽሐፉ ውስጥ ያሳትም ነበር። ፖል ኪንግስኖርዝ ስለ 1066ቱ የኖርማኖች ወረራ፥ በጥንታዊው እንግሊዝኛ አምሳል በፈጠረው ቋንቋ የጻፈው ልብ ወለድ ታሪክ ለማንም ነጋዴ የሚያስፈራ ሥራ ነበር፤ በአንባቢዎች መዋጮ በ2014 ዓ.ም. ታተመና በዚያው ዓመት ለታላቁ የቡከር ሽልማት ከታጩት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። በመጋቢት 2022 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ብራንደን ሳንደርሰን በሕመሙ ወረርሽኝ ጊዜ የጻፋቸውን አራት ልብ ወለዶች ለማሳተም ጥሪ ሲያደርግ፥ በ30 ቀን ውስጥ ከ185,000 በላይ ሰዎች 41 ሚሊዮን ዶላር አልፎ የሄደ ገንዘብ አዋጡ። መጽሐፎቹም በ2023 ዓ.ም. በተራቸው ወጡ።

ነገር ግን የጥንቱ ችግርም አብሮ ተመልሶአል። ፖፕ ስዊፍትን የመሰለ ወዳጅ በቤተ መንግሥት ነበረው፤ ሳንደርሰንም ጥሪውን ያደረገው ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ ነው። ዊትሊ ግን ሁለቱንም አልነበራትም። ስም ያለው ስም ይሰበስባል፤ ስም የሌለው በር ላይ ይቆማል። የመተማመኑም ነገር እንደ ጥንቱ ያሰጋል፤ አንባውንድ በመጋቢት 2025 ዓ.ም. በኪሣራ ምክንያት በአስተዳዳሪዎች እጅ ሲወድቅ፥ የሚገባቸውን ገንዘብ ያልተቀበሉ ደራስያን በሐዘን ቀርተዋል። ዳኛ የሌለው ዕቁብ ሲፈርስ የሚሆነው ይህ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በእኛም አገር ደራሲው ብዙ ጊዜ ራሱ አሳታሚ፥ ራሱ አከፋፋይ፥ ራሱ ባለዕዳ ሆኖ ይታያል። የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ለመክፈል ከወር ደመወዙ የሚቈርጥ፥ ከዘመድ የሚበደር ጸሐፊ በየመሥሪያ ቤታችን አለ። ከተናገርነው ታሪክ ለእርሱ የሚሆነው ምክር፥ የአንባቢን ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሚፈጽመውን ብቻ ቃል እንዲገባ፥ ቃሉንም ስምን እንደ መጠበቅ ቈጥሮ እንዲጠብቀው ነው። ለእኛ ለአንባቢዎች የሚሆነው ደግሞ፥ የታወቀውን ስም ከማክበር አልፈን ያልታወቀውን በር አንኳኪ እንድንሰማ ነው። ጥንት መጽሐፍ ያጻፈ አንድ ጌታ ነበር፤ ምሕረትም ይለመንለት ነበር። ዛሬ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ በእጃችን ያለን ሁላችን አጻፊዎች ለመሆን እንችላለን። የፊሊስ ዊትሊን ሁለተኛ መጽሐፍ ለማዳን ጥቂት መቶ ስሞች ይበቁ ነበር። እነዚያ ስሞች አልተጻፉም፤ ስለዚህ እኛም ያንን መጽሐፍ አላነበብንም።